ዝንባሌና ግፊት የሚለይ ቁልፍ ለአማርኛ ኪቦርድ፦ ምኑ ይገዛል፣ ምኑ ይሠራል?

ጥያቄ፦ «ለአማርኛ ጽሕፈት የሚሆን የራሴን ኪቦርድ ለመሥራት ከተነሣሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሐሳቤ ለሠላሳ ሦስቱ ፊደላት አንዳንድ ቁልፍ እንዲኖራቸው፣ ቁልፉ ቀጥ ብሎ ሲጫን አንዱን ቤት፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ሌሎቹን ቤቶች እንዲጽፍ ነው። ጠንከር ተደርጎ ሲጫን ደግሞ እንደ ሏ፣ ቧ፣ ቋ ያሉትን ዲቃላ ፊደላት እንዲያወጣ እፈልጋለሁ። ግፊት ይለካሉ የተባሉ የማግኔት ስዊቾችና ኤስደብሊው-520ዲ የሚባሉ የዝንባሌ ስዊቾች ገዝቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጫን ባደርግም ጠንክሬ ብመታም ያንኑ ቁጥር ይሰጡኛል፤ የኋለኞቹ ከነጭራሹ አይሠሩልኝም። ሁለቱንም በአንድነት የሚለይ ዝግጁ ስዊች ይገኛል? ካልተገኘስ እንዴት አድርጌ ልሥራው?»

ምላሽ፦

ከመደብር ተገዝቶ እንደ ተራ ስዊች ሰሌዳው ላይ የሚሰካ፣ በአንድ ቁልፍ ስፋት ውስጥ ግፊትንም ዝንባሌንም የሚለካ ዕቃ አይጠብቁ፤ የሚሠራው በእጅ ነው፣ አንዱን መሥራትም ይቻላል፣ ሠላሳ ሦስቱን መሥራት ግን አልመክርዎትም። የገዟቸው ዕቃዎች ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ያሳሳትዎት ስማቸው ነው።

ማግኔታዊው ስዊች የሚለካው ጥልቀትን እንጂ ግፊትን አይደለም። በቁልፉ እግር ላይ ትንሽ ማግኔት አለች፤ ከሥሯ ባለው ሰሌዳ ላይ የሆል ሴንሰር ተቀምጧል፤ ቁልፉ ሲወርድ ማግኔቷ ትቀርባለች፣ ሴንሰሩም በቀረበችው መጠን ቮልቴጁን ይለውጣል። ሞላው በተጨመቀ ቁጥር የሚጠይቀው ኃይል ስለሚጨምር፣ ቁልፉ ገና በጉዞ ላይ ሳለ ጥልቀትና ግፊት አብረው ይሄዳሉ፤ «ግፊት ይለካል» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዝምድናው የሚጸናው ግን ቁልፉ ወለሉን እስኪመታ ድረስ ብቻ ነው። የእንዲህ ያሉ ስዊቾች ሙሉ ጉዞ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ሞላቸውም የሚጠይቀው በጥቂት አሥር ግራሞች የሚቆጠር ኃይል ነው፤ የሚጽፍ ጣት ይህን ርቀት በቅጽበት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ 100 ግራምም ይጫኑ 1 ኪሎ፣ ማግኔቷ ከዚያ በታች አትወርድምና ቁጥሩ ያው ነው። እርስዎ ያዩት ይህንኑ ነው። ጠንካራና ለስላሳ ምትን መለየት ብቻ ቢፈልጉ፣ ቁልፉ ከ1 ሚሊሜትር እስከ 3 ሚሊሜትር ለመውረድ የፈጀበትን ጊዜ በመቁጠር ማወቅ ይቻላል፤ ዲጂታል ፒያኖዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው። እሱም ቢሆን የሚነግረው ፍጥነቱን ነው፤ ጣቱ ካረፈ በኋላ ያለውን ጫና አይነግርም።

ኤስደብሊው-520ዲ ደግሞ በትንሽ የብረት ማቀፊያ ውስጥ የሚንከባለሉ ኳሶች ናቸው። ማቀፊያው ቀጥ ብሎ ሲቆም ኳሶቹ ወርደው ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛሉ፣ ሲገለበጥ ይሸሻሉ። የሚታዘዙት ለምድር ስበት ነው፤ ማሞቂያ ሲወድቅ ኤሌክትሪኩን ለማቋረጥ ጥሩ ናቸው። የቁልፍ ዝንባሌ ግን ጥቂት ዲግሪ ነው፣ የሚቆየውም ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ እምብዛም አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኳሶቹ የሚያደርጉት ቢኖር መዝለል ብቻ ነው። እንደ ኤምፒዩ-6050 ያለ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ በየክዳኑ (ጣት በሚያርፍበት የቁልፉ ቆብ) ውስጥ መቅበርም በሐሳብ ደረጃ ያማልላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሺህ ጊዜ በሚንቀሳቀስ ክዳን ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦ ማሳለፍ ማለት ሽቦው የሚበጠስበትን ቀን መጠበቅ ነው።

ወደሚፈልጉት የቀረበ ነገር የሠሩ ሰዎች አሉ። ዳታሃንድ የተባለው፣ ምርቱ ከቆመ ዓመታት ያለፉት ኪቦርድ፣ እያንዳንዱን ጣት በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጥና በአራቱ ጎንና ወደ ታች፣ በጠቅላላው በአምስት አቅጣጫ እንዲገፋ ያደርገው ነበር። ቻራኮርደር የተባለው የቅርብ ጊዜ መሣሪያም በትናንሽ ባለ አምስት አቅጣጫ እንጨቶች ይሠራል። ከሁሉ ይልቅ ከእኛ ፊደል ጋር የሚዛመደው ግን የጃፓኖች የስልክ አጻጻፍ ነው። ተነባቢውን የያዘውን ቁልፍ ነክቶ መልቀቅ «አ» የሚለውን ድምፅ ይሰጣል፣ ወደ ግራ መሳብ «ኢ»፣ ወደ ላይ «ኡ»፣ ወደ ቀኝ «ኤ»፣ ወደ ታች «ኦ»፤ ተነባቢ በቁልፍ፣ አናባቢ በአቅጣጫ። የእርስዎ ሐሳብ እንግዲህ የተፈተነ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሦስቱም አቅጣጫን ይመርጣሉ እንጂ የዝንባሌን መጠን አይለኩም። ለፊደል የሚያስፈልገውም ምርጫ ነው፤ «ለ» ወይም «ሉ» ነው እንጂ በ«ለ» እና በ«ሉ» መካከል ሩብ መንገድ ላይ ያለ ፊደል የለንም። የማሲንቆን መንሸራተት በኪቦርድ ማውጣት ለሚሻ ሙዚቀኛ የግፊት መጠን ወርቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው ኤምፒኢ የተባለው የሚዲ (የዲጂታል ሙዚቃ መሣሪያዎች መገናኛ) ደንብም ለእሱ ዓይነቱ ነው የወጣው፤ ለጸሐፊ ግን መለኪያ የመሰለ ነገር ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሁለትና ሦስት ምርጫ መጨፍለቁ አይቀርም።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው እንቅፋት ያለው ከኤሌክትሮኒክሱ በፊት በጂኦሜትሪው ውስጥ ነው። በተለመደው ኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 19.05 ሚሊሜትር ነው፤ ክዳኑ 18 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሰፋ በሁለት ክዳኖች መካከል የሚቀረው 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የክዳኑ አናት ከመዘንበያው ነጥብ 10 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ እንበል፤ ቁልፉን በ10 ዲግሪ ሲያዘነብሉት አናቱ ወደ ጎን 1.7 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ማለትም ጎረቤቱን ይገፋል። ስለዚህ ወይ ቁልፎቹን ማራራቅ አለብዎት፣ ወይ ክዳኖቹን ማጥበብ፣ ወይ ዝንባሌውን ወደ 3 እና 4 ዲግሪ ማውረድ። ማራራቁ ጣት የሚሄድበትን መንገድ ያረዝማል፣ ማጥበቡ ጣትን ያስታል፤ ዝንባሌውን ካወረዱት ደግሞ ጣትዎ ወደ የት እንዳዘነበለ ራሱ አያውቀውም። ተራ የሜካኒካል ስዊች እግር በቤቱ ውስጥ ትንሽ መወላወሉን አይተው በዚያ አይታለሉ፤ እሱ የአሠራር ክፍተት ነው፣ ከአንዱ ስዊች ወደ ሌላው ይለያያል፣ በአገልግሎትም ይሰፋል።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው ብልሃት ክዳኑ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ኃይሉን ብቻ መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ቲንክፓድ 700ሲ የተባለ ላፕቶፕ ላይ የታየችው፣ በቁልፎች መካከል የተቀመጠችው ቀይ እንብርት የምትሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ጣት ሲገፋት ከሥሯ ያሉት የውጥረት መለኪያዎች ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣሉ፣ ከዚያም የግፊቱ አቅጣጫና መጠን ይታወቃል። ተጠቃሚዎቿ አንድ ጠባይዋን ያውቁታል፦ ለረጅም ጊዜ በአንድ በኩል ተጭና ከቆየች በኋላ ጠቋሚው በገዛ ራሱ ሲንሸራተት ይታያል፤ ዜሮዋን ስታለች ማለት ነው። ኃይልን የሚለካ ነገር ሁሉ ይህ በሽታ አለበትና ቁልፉ ሳይነካ በቆየ ቁጥር ዜሮውን እንደገና የሚያስተካክል ፕሮግራም ግዴታ ነው።

በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከውጥረት መለኪያ የሚቀለው ኤፍኤስአር ነው፤ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ስስ ፊልም። ሳይነካ ከአንድ ሚሊዮን ኦም በላይ ይቃወማል፣ በጠንካራ ግፊት ወደ ጥቂት ሺህና ከዚያ በታች ይወርዳል። ከአንድ ክዳን ሥር አራት ትናንሾቹን፣ ገባሪ ክባቸው (ግፊት የሚያውቀው ክፍል) 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑትን፣ በአራቱ ማዕዘን ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱን ከ10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ አገናኝተው በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ ያንብቡ። የአራቱ ድምር ግፊቱ ነው። የቀኞቹ ሁለቱ ሲደመሩ ከግራዎቹ የሚበልጡበት መጠን ለድምሩ ሲካፈል የጎን ዝንባሌውን ይሰጣል፤ የፊትና የኋላውም እንዲሁ ይሰላል። አንድ ነገር አይርሱ፦ ድምሩ ትንሽ በሆነበት ቅጽበት ይህን ማካፈል አያድርጉ። ጣት ገና ሲያርፍ ድምሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ስለሆነ ቅንጣት ጫጫታ ተካፍሎ ግዙፍ ዝንባሌ መስሎ ይወጣል፤ ድምሩ የተወሰነ ወሰን እስኪያልፍ ይጠብቁና ከዚያ ብቻ አቅጣጫውን ይመኑት።

ኤፍኤስአር ስስ ነውና አያያዙን ልንገርዎት። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ በአንድ ምሽት አራቱን አበላሽቻለሁ፤ ጭራቸውን በጋለ ብረት በቀጥታ በየድኩት፣ ፊልሙ ተኮማተረ፣ የብር ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ በማግሥቱ ሁለቱ ጨርሶ ዝም አሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ሽቦው በተነካ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይሰጡ ነበር። ጭራው የሚያዘው በመቆንጠጫ ማያያዣ ነው። በጭራው በኩል ያለችውን የአየር መውጫ በማጣበቂያ አይድፈኗት፤ አየሩ ታፍኖ ከቀረ ፊልሙ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። በፊልሙና በክዳኑ እግር መካከል ከገባሪው ክብ ጥቂት የምታንስ የሲሊኮን ቁራጭ ያስገቡ፤ ያለ እሷ ጠንካራው ፕላስቲክ በጠርዙ ብቻ ይነክሰውና ንባቡ ከሙከራ ወደ ሙከራ ይለያያል። ፊልሙን አያጥፉት፣ ክዳኑም ሳይነካ ጭኖት እንዳይቀመጥ ያረጋግጡ። በዋጋ የሚረክሰው ቬሎስታት የተባለው ካርቦን ያለበት ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተጠላለፉ ሁለት የመዳብ መሥመሮች ላይ ቆርጠው ሲያስቀምጡት ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ግን ከተለቀቀ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ከኤፍኤስአር ይልቅ ያመነታል። ሁለቱም ለሚዛን አይሆኑም። ተመሳሳይ የተባሉ ሁለት ፊልሞች በአንድ ዓይነት ግፊት የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጡ እያንዳንዱ ለብቻው መስተካከል አለበት።

የሚዛን መለኪያ ሴል ከኤችኤክስ711 ጋር አገናኙ የሚልዎት ቢኖር አይቀበሉት፤ ያ ቺፕ በሴኮንድ 10 ወይም 80 ጊዜ ብቻ ያነባል፣ ለስንዴ ሚዛን እንጂ ለሚሮጥ ጣት አልተሠራም።

ሌላው መንገድ ማግኔትን እንደገና መጥራት ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን በሦስት አቅጣጫ። እንደ ቲኤልቪ493ዲ ያሉ ሴንሰሮች የማግኔቱን መስክ በጎን፣ በፊትና በቁመት ለየብቻ ስለሚያነቡ፣ በምትወዛወዝ እግር ጫፍ ላይ አንዲት ማግኔት ቢያስቀምጡ ጥልቀቱንም ዝንባሌውንም በአንድ ሴንሰር ያገኛሉ፤ የሚነካካ ነገር ስለሌለም አያልቅም። ችግሩ ከላይ የተነሣው የቦታ ጉዳይ መመለሱ ነው፤ እዚህ ክዳኑ በእርግጥ መንቀሳቀስ አለበት። የጎረቤት ማግኔት ያን ያህል አያስፈራም፤ መስኩ በርቀት ኪዩብ ስለሚቀንስ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። የሚያስፈራው ከኪቦርዱ አጠገብ የሚቀመጥ ድምፅ ማጉያ ወይም ጀርባው ማግኔት ያለበት ስልክ ነው። በተጨማሪም የእነዚህ ሴንሰሮች የአድራሻ (በአንድ መሥመር ላይ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቁጥር) ምርጫ ጥቂት ስለሆነ ብዙዎቹን በአንድ መሥመር ለማገናኘት እንደ ቲሲኤ9548ኤ ያለ አከፋፋይ ያስፈልጋል፣ እሱም የሚያስተናግደው ስምንት መሥመር ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አንድ ቁልፍ ነው። በሠላሳ ሦስት ሲባዛ ኤፍኤስአሩ 132 ይሆናል፤ እንደ ሲዲ74ኤችሲ4067 ያለው አከፋፋይ 16 መሥመር ስለሚይዝ ዘጠኝ ያስፈልግዎታል። እያንዳንዱ ንባብ አሥር ማይክሮሴኮንድ ቢፈጅ ሁሉንም ለመቃኘት 1.3 ሚሊሴኮንድ ይበቃልና ፍጥነቱ አያሳስብም። የሚያሳስበው 132 ጊዜ ማስተካከል፣ 132 ቦታ የሚፈታ ማያያዣ፣ ከውጭ አገር በሰው እጅ የሚመጣ ዕቃ ሲበላሽ መለዋወጫ መጠበቅ ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ሲሉ ፊልሞቹን ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዳዮድ ሳያስገቡ በረድፍና በዓምድ ቢያጠላልፏቸው ደግሞ ሦስት ቁልፍ በአንድነት ሲጫን ያልተጫነው አራተኛ የተጫነ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ቢወጡት እንኳ ጣት ራሱ ይቀራል። ሰው ቁልፍን ቀጥ አድርጎ አይመታም። አመልካች ጣት ሲመታ ወደ መዳፉ ይስባል፣ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ትገፋለች፣ የላይኛው ረድፍ ቁልፍ ደግሞ ጣቱ ተዘርግቶ ስለሚደርስበት ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ለአንዱ ቁልፍ «ቀጥ» የሆነው ለሌላው ዘንበል ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ቁልፍ ሃምሳ ጊዜ ያህል በተለመደው አመታትዎ መትቶ አማካዩን የዚያ ቁልፍ ዜሮ ማድረግ ነው። ያም ሆኖ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ወደ ጎን ያላቸው ኃይልና ልክ ደካማ ነው፤ ስድስት አቅጣጫ እንዲለዩ መጠየቅ ከአቅማቸው በላይ ነው። ግፊትን በተመለከተም፣ ዓይን ደረጃውን እያየ ካልረዳው በስተቀር፣ ጣት በፍጥነት እየጻፈ በአስተማማኝነት የሚለየው ሁለት ደረጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲደክሙ ወይም ሲናደዱ ጠንክረው መምታትዎ አይቀርም፤ ኪቦርዱም «በላ» ለማለት የፈለጉትን «ቧላ» ብሎ ይጽፍልዎታል።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህ ነው፦ ለሠላሳ ሦስቱ ተነባቢዎች ተራ ስዊቾችን ያድርጉ፣ ዝንባሌውን በሙሉ ግን ለአንድ አውራ ጣት ይስጡት። ቦታ አሞሌውን (ስፔስ ባሩን) አሳጥረው በአጠገቡ ትንሽ የአውራ ጣት ጆይስቲክ ይትከሉ። ለሙከራ ከአርዱዊኖ ዕቃዎች ጋር የሚሸጠው፣ ባለ ሁለት 10 ሺህ ኦም ፖቴንሺዮሜትሩ (ሲዞር ተቃውሞው የሚለዋወጥ ሬዚስተር ያለው) ይበቃል፤ ለዘለቄታው ግን ውስጡ የማይፋተገውን፣ በሆል ሴንሰር የሚሠራውን ይግዙ። አውራ ጣት በተራ ኪቦርድ ላይ ከቦታ አሞሌ በቀር ሥራ የሌለው ጣት ነው፣ አቅጣጫ ለመለየት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ንባብ ብቻ ስለሚያስፈልግ ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አከፋፋይ ሳያስፈልገው ይበቃዎታል፤ ሦስት የአናሎግ መግቢያ አለው።

አደላደሉንም በዘፈቀደ አያድርጉት። እንጨቱ ሳይነካ ሳድስ ይሁን፤ በድምፅ በሚጻፉት የአማርኛ አጻጻፎችም ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድስ ስለሚወጣ እጅዎ ይህን ለምዶታል፣ ሳድስም በጽሑፋችን ውስጥ እጅግ ተደጋጋሚ ነው። ቀሪዎቹን ስድስቱን ምላስ በአፍ ውስጥ በምትይዘው ቦታ ያስቀምጧቸው፦ ሣልስ ወደ ግራ፣ ካዕብ ወደ ቀኝ፣ ራብዕ ወደ ታች፣ በሣልስና በራብዕ መካከል ኃምስ፣ በካዕብና በራብዕ መካከል ሳብዕ። «ቢ፣ ቤ፣ ባ፣ ቦ፣ ቡ» እያሉ እንጨቱን ከግራ በታች በኩል ወደ ቀኝ ቢያዞሩት አፍዎ አብሮ ሲዞር ይሰማዎታል። የላይኛው ክፍል በሙሉ ለግዕዝ ይቀራል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ስለሚያስፈልግ ሰፊ በር ይገባዋል፣ 120 ዲግሪ ይስጡትና ለቀሩት አምስቱ 48 ዲግሪ ይድረሳቸው። «ሰላም» ለመጻፍ ወደ ላይ ገፍቶ ሰን፣ ወደ ታች ስቦ ለን፣ ለቆ መን መምታት ነው። ዲቃላዎቹን እንጨቱ ወደ ታች ሲጫን በሚሰማው ቀጭታ ያውጧቸው፤ ግፊቱ አይለካም፣ ወይ ጫነ ወይ አልጫነም።

ሁለት የፕሮግራም ጉዳዮች ሥራውን ያበላሻሉ ወይም ያሳምራሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ፈጣን ጸሐፊ አንዱን ቁልፍ ሳይለቅ ሁለተኛውን ይመታል፤ አውራ ጣቱም ከሌሎቹ ጣቶች አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ፊደሉን ተነባቢው በተመታበት ቅጽበት ከወሰኑት የዘገየው አውራ ጣት ሁልጊዜ ሳድስ ያስጽፍዎታል። ስለዚህ ከተመታበት እስከ ተለቀቀበት ድረስ እንጨቱ ከመሐል ርቆ የደረሰበትን ከፍተኛ ነጥብ ይያዙ፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ወይም ቀጣዩ ተነባቢ ሲመታ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ፊደሉን ይዝጉት። የጃፓኖቹም ስልክ የሚወስነው ጣት ሲነሣ ነው። እንጨቱ ለመውጣትና ለመመለስ ሁለት የተለያየ ወሰን ይኑረው፤ ንባቡ ከ0 እስከ 4095 ሆኖ መሐሉ 2048 ገደማ ከሆነ፣ ከመሐሉ በ900 ሲርቅ ወጣ፣ ከ600 በታች ሲቀርብ ተመለሰ ይበሉት። አንድ ወሰን ብቻ ካደረጉለት በድንበሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ ውጤቱ ይዋልላል።

ሁለተኛው፣ ኪቦርድ ለኮምፒዩተሩ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቁልፍ ቁጥር መሆኑ ነው፤ «ሉ» የሚባል የቁልፍ ቁጥር በዩኤስቢ ደንብ ውስጥ የለም። ቀላሉ መንገድ ፈርምዌሩ (በኪቦርዱ ቺፕ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) በኮምፒዩተሩ ላይ የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ የሚጠብቃቸውን የላቲን ፊደላት በተከታታይ እንዲልክ ማድረግ ነው። ኪውኤምኬ የተባለው ፈርምዌር የዩኒኮድ ቁጥርን (ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም አቀፍ ደንብ የተሰጠውን ቁጥር) በቀጥታ መላክም ይችላል፣ ነገር ግን ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ስልቱ የተለያየ ስለሆነ ኪቦርዱን ወደ ሰው ኮምፒዩተር ሲወስዱት ያሳፍርዎታል። ይህን መንገድ ከመረጡ ግን ሒሳቡ ያማረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ያለው ፊደላችን በስምንት በስምንት ተደርድሯል፤ ሀ 4608 ነው፣ ለ 4616፣ እና ከግዕዙ ላይ ከ0 እስከ 6 ሲደምሩ ቤቶቹ በተራ ይወጣሉ። ሰባት ሲደመር ለብዙዎቹ ዲቃላው ነው፤ ሏ 4623 ላይ ይገኛል። ቀ፣ ኀ፣ ከ እና ገ ግን ለዲቃላዎቻቸው የራሳቸው ረድፍ አላቸው፤ ቋ፣ ኋ፣ ኳ እና ጓ የሚገኙት በ11 ድምር ነው። ይህን ልዩነት ካላስገቡ ቋንቋ የሚለውን ቃል እንኳ አይጽፍልዎትም። ኧም በአ ረድፍ ላይ ሰባተኛው ድምር ነው፤ ዲቃላ መስሎ እንዳያመልጥዎት።

መጀመሪያ የዕውነተኛ ዝንባሌ ቁልፍ ካልሠራሁ ዕረፍት የለኝም ካሉ፣ አንዱን ብቻ በአራት ኤፍኤስአር ሠርተው ለሁለት ሳምንት «በ»ን ብቻ በሰባት ቤት ይጻፉበት፤ ከመቶ ስንቱን እንደሳቱ ይቁጠሩ። ከአምስት በላይ ከሆነ ሁለተኛውን አይሥሩ።

የገዟቸውን የማግኔት ስዊቾች በተራዎቹ ፋንታ ለተነባቢዎቹ ማዋል ይችላሉ፤ ያኔ ግን የሚነበቡት ስለሚበዙ አከፋፋይ ያስፈልጋል። ውስጣቸው የሚነካካ ብረት ስለሌለ በተራ ሰሌዳ ላይ አይሠሩም፣ ከእያንዳንዱ ሥር የሆል ሴንሰር ያለው ሰሌዳ ይፈልጋሉ፤ እሱን ካገኙ ግን ቁልፉ በስንት ሚሊሜትር እንዲነቃ ለእያንዳንዱ ጣት ለብቻ ማስተካከል ይችላሉ፣ ለትንሿ ጣት ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ለአመልካቹ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ይጀምሩ። ኤስደብሊው-520ዲዎቹን ከዚህ ሥራ ያውጧቸው።